በየአሥር ደቂቃው አንድ ቋጠሮ

ቁጥር ቀነሰልኝ ብሎ የሚደሰት ሰው ፊት ያስጠላኛል። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። አሁን ግን አንድ ሰው ስልኩን አውጥቶ "እየው፣ ሚሞሪውን ጠረግኩት" ሲለኝ የምራቄ ጣዕም ይለወጥብኛል። ይህን በሽታ ያስያዘኝ የእህቴ ባል ሱቅ ነው።

የእህቴ ባል ኮምፒውተር ይጠግናል። ደንበኞቹ "ዶክተሩ" ይሉታል፤ ስሙን ያወጣው ራሱ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ፣ ምክንያቱም ነጭ ጋዋኑን ያሰፋው ስሙ ከመውጣቱ በፊት ነው። ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካል። ሰው ኮምፒውተሩን ሲያስረክበው ክዳኑን በሁለት ጣቱ መታ መታ ያደርግና ጆሮውን ያስጠጋል። ምን እንደሚሰማ እግዜር ይወቅ። እኔ እሱ ዘንድ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ።

ሱቁ ውስጥ አንድ ደንብ ነበር። ማንኛውም ኮምፒውተር፣ የመጣበት ችግር ምንም ይሁን ምን፣ "መጥረጊያው" ሳይጫንበት ከበር አይወጣም። መጥረጊያው ሚሞሪ ያጸዳል የሚባል ሶፍትዌር ነው። ስክሪኑ ጥግ ላይ አንድ ክብ ያስቀምጣል፣ ክቡ ውስጥ ቁጥር አለ። ሚሞሪው ሰማንያ ሰባት በመቶ ተይዟል ይልና ይቀላል። ሲጫኑት ትንሽ ይሽከረከርና ሠላሳ አንድ ይላል፤ አረንጓዴ ይሆናል። የእኔ ሥራ ይህን ነገር ደንበኛው ፊት መጫን ነበር። አጫጫኑንም ዶክተሩ አስተምሮኛል፤ ደንበኛው ከጎኔ እንዲቆም አደርጋለሁ፣ ቀዩ በደንብ እስኪታየው እታገሳለሁ፣ እጫናለሁ፣ ከዚያ ዝም እላለሁ። ዋናው ዝም ማለቱ ነው። ሰውየው ራሱ "ወይ ጉድ" ይላል።

ይህ ማታለያ መሆኑን የማያውቅ ጠጋኝ ካለ ሙያውን ይቀይር። ሚሞሪ ማለት ኮምፒውተሩ የሚሠራበት ጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛ ላይ መቀስና ክር ተዘርግቶ ቢታይ ሥራ አለ ማለት ነው እንጂ ቆሻሻ አለ ማለት አይደለም። መጥረጊያው የሚያደርገው፣ እየተሠራባቸው ያሉትን ዕቃዎች አፋፍሶ ጓዳ መወርወር ነው፤ ጓዳው ዲስኩ ነው። ጠረጴዛው ባዶ ይሆናል፣ ቁጥሩም ያምራል። ወዲያው ፕሮግራሙ መቀሱን ይፈልጋል፤ ጓዳ ይኬዳል፣ ይፈለጋል፣ ይመጣል። ዲስኩ አሮጌ ከሆነ ደግሞ መንገዱ ሩቅ ነው። ጠረጴዛው የምር ከጠበበ የማይፈለገውን ፕሮግራም መዝጋት ነው፣ ያ ካልበቃ ተጨማሪ ሚሞሪ መግዛት። ሌላው ሁሉ ቲያትር ነው።

አንድ ጊዜ ይህን ለዶክተሩ ነገርኩት። ደንግጦ ያዳምጠኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ሻዩን ጠጥቶ ሲያበቃ ነገር በዓይን ይገባል አለኝ። ሰው ያላየውን ጥገና ጥገና አይለውም፣ ቁጥር ሲወርድ ካየ ግን ልቡ ያርፋል፣ የልብ ማረፍ ደግሞ ግማሽ ፈውስ ነው አለ። በራሱ ኮምፒውተር ላይ መጥረጊያው እንደሌለ ያየሁት በዚያው ሳምንት ነው። አየሁና የደንበኞቹ ላይ መጫኔን ቀጠልኩ።

ባለጥልፏ የመጣችው አንድ ረፋድ ላይ ነው። ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፋዋለች፣ ከኋላዋ ታላቅ እህቷ ይከተሏታል። እሷ "እትዬ" ስትላቸው ሰማንና እኛም እትዬ አልናቸው። የጥልፍ ማሽን አላቸው፤ ማሽኑን የሚነዳው ይህ ኮምፒውተር ነው። ሥዕሉን ስፌት በስፌት እየላከ መርፌውን ያዘዋል። ሁለቱም ከተዘጋ ፋብሪካ የተገዙ አሮጌ ዕቃዎች ናቸው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ይዘገያል፣ ከተነሳ በኋላ ግን አስቸግሮን አያውቅም አለች። አንድ የነርሶች ትምህርት ቤት በስልሳ ተመራቂዎች ካባ ጀርባ ላይ አርማ እንድትጠልፍ ሰጥቷታል። እንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ አግኝታ ስለማታውቅ ከመጀመሯ በፊት ይፈተሽልኝ ብላ ነው።

እሷ ስታወራ እኔ እህቷን አይ ነበር። ቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ባለፈው ዓመት አሟቸው አንድ ጎናቸው ዝሎ እንደነበረ፣ እጃቸው ለወራት ይንቀጠቀጥ እንደነበረ፣ አሁን ግን ሐኪሙ ድነዋል እንዳላቸው ባለጥልፏ ማንም ሳይጠይቃት ነገረችን። ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፣ በእጅ መጥለፍ ያስተማሯትም እሳቸው። አሁን ማሽኑ ላይ የሚቀመጡት እትዬ ናቸው፤ ጨርቁን ፍሬም ላይ ወጥረው ያስራሉ፣ መርፌውን ያስነሳሉ፣ ሲያልቅ ያወርዳሉ። "የዳነችው በመድኃኒቱ አይደለም፣ እዚያች ወንበር ላይ ስትቀመጥ ነው" አለች። እትዬ በሆዳቸው ሳቁና እጃቸውን ለቀቁት። ቀጥ ያለ እጅ ነበር። ይህን በዓይኔ ስላየሁ ነው የምናገረው።

ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። ሲነሳ ማንም ያልጠራቸው አሥራ አራት ፕሮግራሞች አብረውት ይነሳሉ። እነሱን ከልክሎ ማስቀረት የአንድ ስኒ ሻይ ጊዜ አይፈጅም። ይህንኑ ለዶክተሩ በጆሮው ነገርኩት።

"እሱን ማን ያየዋል?" አለኝ። "መጥረጊያውን ጫንላት።"

ጫንኩላት። ከጎኔ አቆምኳቸው፣ ቀዩን አሳየኋቸው፣ ታገስኩ፣ ተጫንኩ፣ ዝም አልኩ። ባለጥልፏ "ወይ ጉድ" አለች። እትዬ ግን መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉና ወደ ስክሪኑ ተጠጉ።

"ያ የወጣው ነገር የት ሄደ?" አሉ።

በስድስት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። መምህር መጥቷል፣ መሐንዲስ መጥቷል፣ ሁሉም ቁጥሩን አይቶ ወደ ቤቱ ሄዷል። ቆሻሻ ነው፣ ተጠርጎ ወጣ አልኳቸው።

"ቆሻሻ ከሆነ ማን አገባው?" አሉ።

ዶክተሩ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ሲስቁብኝ እንደማፍር ሁሉ ስስቅም ማፈር ነበረብኝ። ይልቁንም ጥያቄያቸውን ለመሸፈን ለጋስ ሆንኩ፤ እንዳይቸገሩ ብዬ መጥረጊያው ያለ ማንም ትእዛዝ በየአሥር ደቂቃው ራሱን በራሱ እንዲጠርግ አደረግሁት። ማንም አላዘዘኝም። በገዛ ጣቴ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለጥልፏ ብቻዋን መጣች። አንድ ካባ በወረቀት ጠቅልላ ይዛለች። ዘረጋችልን። ጥቁር ጨርቅ ላይ በወርቃማ ክር የተጠለፈ ፋኖስ ነው፣ ዙሪያውን ቅጠል ከቦታል። ቆንጆ ሥራ ነው። መሐል መሐሉ ላይ ግን እንደ ቡግንጅ ያበጠ ቋጠሮ አለ። አራት ቆጠርኩ። ማሽኑ በራሱ ጊዜ ቆም ይልና፣ ሲነሳ አንዱን ቦታ ደጋግሞ ይወጋል፣ ክሩ ይቋጠራል አለች። ቋጠሮውን ሲፈቱት አንዳንዱ ጨርቅ ይቀደዳል። እንዲህ ሆነው የተበላሹ ሰባት ካባዎች ቤቷ ተቀምጠዋል።

ዶክተሩ ኮምፒውተሩን እንድታመጣው አልጠየቃትም። ካባውን በጣቱ ጫፍ ወደ ጎን ገፋ አደረገና ማሽኑ ላይ ማን እንደሚቀመጥ ጠየቃት። እህቴ አለች። እኒያ እጃቸውን አሟቸው የነበሩት? አዎ አለች። ሐኪም የመጥፎ ምርመራ ውጤት ሲያነብ እንደሚያደርገው ራሱን ቀስ ብሎ ነቀነቀ።

"ነገሩ እዚያ ላይ ነው" አላት። "እጃቸው ፍሬሙን ሲነካው ማሽኑ ይደነግጣል።"

ማሽን ይደነግጣል የሚል ነገር በየትኛውም ሙያ ሰምቼ አላውቅም። ሰምቼ አለማወቄን ያኔ አልተናገርኩም። ተመልሶ ለሚመጣ ዕቃ ሁሉ የምንሰጠው አንድ ወረቀት ነበረን፤ "ኮምፒውተሩ ደህና ነው፤ የአጠቃቀም ችግር ነው" ይላል፣ ከሥሩ ፊርማ አለው። ዶክተሩ ወረቀቱን ወደ እኔ አንሸራተተው። ፈረምኩ። ያኔ የምኖረው እነሱ ቤት ነበር፣ የምተኛውም ሳሎናቸው ሶፋ ላይ፤ እህቴ እንዳትቀየመኝ ፈራሁ ልል እችላለሁ። ሰበብ ነው። የፈረምኩት መፈረም ኮምፒውተር ከመክፈት ስለሚቀል ነው።

ባለጥልፏ ወረቀቱን አነበበችና አራት ቦታ አጠፈችው። በዝግታ "እንዴት ብዬ ነው የምነግራት?" አለች።

"እውነቱን ይንገሯቸው" አላት ዶክተሩ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ሳምንት አልፎ ስልክ ደወለች። ያነሳው እሱ ነው። እሺ፣ እሺ ሲል ቆየና ዘግቶ ወደ እኔ ዞረ፤ ያለችውን ነገረኝ። እህቷን ከማሽኑ ካነሳች ስምንተኛ ቀኗ ነው፣ አሁን የምትቀመጠው ራሷ ናት፣ ቋጠሮው ግን አልቆመም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? እኔ በሞኝነቴ አሁንስ ይገባዋል አልኩ።

"አሮጊቷ ፍሬሙን አጣመውት ይሆናል" አለኝ። "ሂድና ፍሬሙ ተጣሟል በላት።"

"ካልተጣመመስ፣ ጋሼ?"

"ተጣሟል አልኩህ እኮ።"

ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ሄድኩ። በመንገዱ ሁሉ ፍሬሙ በእውነት ተጣሞ ባገኘው እያልኩ ስመኝ ነበር። ሰው የራሱን ውሸት እውነት ሁኝልኝ ብሎ ሲለምን ምን ያህል እንደሚያስጠላ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

የሚሠሩት ከመኖሪያቸው ኋላ ባለች አንዲት ክፍል ነው። አንድ መስኮት አላት። የማሽን ዘይት ይሸታል፣ ወለሉ ላይ የወደቀ ክር እግር ላይ ይጣበቃል። ቋጠሯቸው ሳይቀደድ የተፈታላቸው ካባዎች ገመድ ላይ ተሰቅለዋል፣ የተበላሹት ጥግ ላይ ተከምረዋል። ክምሩ ከተሰቀለው ይበልጣል። እትዬ ከማሽኑ ርቀው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጠው በትንሽ መቀስ ትርፍ ክር ይከረክማሉ። ደህና ዋልክ አሉኝ፣ ሳይዞሩ። ከማሽኑ በላይ ግድግዳው ላይ ወረቀቴ በመርፌ ተሰክቷል፤ የአጠቃቀም ችግር፣ ፊርማዬም ጭምር።

ባለጥልፏ ወዴት እንደማይ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እሷ ናት የሰቀለችው" አለችኝ። "ረስቼ ማሽኑን እንዳልነካው ብላ።"

ፍሬሙን አውርጄ ጠረጴዛ ላይ አስተኛሁት። ቀጥ ያለ ነበር። በማስመሪያ ለካሁት፣ ገልብጬ ለካሁት፤ ያው ነው። ባለጥልፏ አጠገቤ ቆማ ምን እንደምል ትጠብቃለች። የተላክሁበት ቃል አፌ ውስጥ አለ፤ ሁለት ቃል ብቻ ነው። ጊዜ ለመግዛት የተበላሹትን ካባዎች አንስቼ ማገላበጥ ጀመርኩ።

ኮምፒውተሩ ላይ የአርማውን ሥዕል ከፍተው አንድ ቦታ ላይ ሲጠቁሙ ያ ቦታ ስንተኛው ስፌት እንደሆነ ይነግራል። የመጀመሪያው ካባ ላይ ያሉትን ቋጠሮዎች አንድ በአንድ ጠቆምኩ። ሁለት ሺህ አንድ መቶ። ስምንት ሺህ አንድ መቶ። አሥራ አራት ሺህ። ሃያ ሺህ። ሌላ ካባ አነሳሁ። አምስት ሺህ፣ አሥራ አንድ ሺህ፣ አሥራ ሰባት ሺህ፣ ሃያ ሦስት ሺህ። ሦስተኛውም እንዲሁ ነው። መነሻው ይለያያል እንጂ በቋጠሮና በቋጠሮ መካከል ያለው ሁልጊዜ ስድስት ሺህ ነው፣ ቢዛነፍ በመቶ ስፌት። ማሽኑ በደቂቃ ስንት ይሰፋል ብዬ ጠየቅኋት። ስድስት መቶ አለች።

በየአሥር ደቂቃው። የገዛ ጣቴ ያዘዘው ነው። የሰው እጅ ሰዓት እየቆጠረ አይንቀጠቀጥም።

ካባውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ቀና ስል እትዬ መቀሳቸውን አቁመው፣ ዞረው ያዩኛል።

ቁርጥራጭ ጨርቅ ወጥሬ ማሽኑን አስነሳሁና ሁለቱንም ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን ክብ እዩ አልኳቸው። መርፌው ይወጋል፣ ቁጥሩ ቀስ በቀስ ይወጣል፣ ይቀላል። ጊዜው ሲደርስ ክቡ ተሽከረከረ፤ አረንጓዴ ሆነ። ያን ጊዜ ዲስኩ ማቃሰት ጀመረ፣ መርፌውም ባለበት ቆመ። የተወረወረው ዕቃ ከጓዳ እየተለቀመ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እስከ ሰባት ቆጠርኩ። ከዚያ መርፌው ነቃና ያንኑ ቦታ አራት ጊዜ ወጋው። ቋጠሮ። ማንም እጁን አላስጠጋም።

ሌላ አሥር ደቂቃ ጠበቅን። ሲሆን አይተው አንድ ጊዜ ነው እንዳይሉኝ ነው የጠበቅሁት፤ እነሱ ግን መጀመሪያውኑ ገብቷቸዋል። ሁለተኛው ቋጠሮ ሲወጣ ባለጥልፏ ማሽኑን አጠፋችው። ወረቀቱን ቀና ብላ አየችና ወዲያው ዓይኗን ሰበረች።

"አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ" አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

እትዬ ከበርጩማቸው ሳይነሱ ነው ያናገሩኝ። "ያን ቀን የት ሄደ ብዬ ጠይቄህ ነበር።"

"አዎ።"

"የት ነበር የሄደው?"

"ዲስኩ ላይ ነው፣ እትዬ። ተመልሶ ይመጣል። ቆሻሻ አልነበረም።"

"ይህን ያን ቀን ታውቅ ነበር?"

አውቅ ነበር አልኩ። ጭብጨባ የሚገባው እውነት አልነበረም፤ ሌላ የሚባል ስላልነበረ ነው። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። የእሳቸው አነቃነቅ እንደ ዶክተሩ አልነበረም፣ የሰሙትን ሒሳብ ትክክል ነው እንደማለት ነበር። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

መጥረጊያውን ነቀልኩት። እርግጠኛ ነዎት፣ ኮምፒውተርዎ አደጋ ላይ ይወድቃል ብሎ ለመነኝ፤ እንደ ባለቤቱ ነው፣ አያፍርም። እነዚያን አሥራ አራት ፕሮግራሞች ከለከልኩ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሳሁት፣ ቶሎ ተነሳ። በቁርጥራጩ ጨርቅ ላይ ሙሉ አርማ አሠራሁ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ሦስታችንም መርፌውን ስንሰማ ነበር። ሲያልቅ ባለጥልፏ ጨርቁን አወረደችና በመዳፏ ዳበሰችው። አንድም የሚጎረብጥ ነገር የለውም።

ጨርቁን ይዛ ወደ እህቷ ሄደች። እግራቸው ሥር ተንበርክካ ጭናቸው ላይ ዘረጋችላቸው። ምን እንዳለች አልሰማሁም፤ ዞር ብዬ ነበር። የሰማሁት መጨረሻውን ነው። "ነይ እትዬ፣ ወንበርሽ ነው" አለቻቸው።

እትዬ እምቢ አሉ፤ ክሩ አላለቀልኝም አሉ። ሲለመኑ ተነሱ። መጀመሪያ ግድግዳው ዘንድ ሄደው መርፌውን ነቀሉና ወረቀቴን በእጄ ሰጡኝ። ቀድጄ ልጥለው ስል "አትቅደደው" አሉኝ። "ጀርባው ላይ የሆነውን ጻፍልኝ።"

ጻፍኩ። የእጅ ችግር የለም፣ ችግሩ እኛ የጫንነው ሶፍትዌር ነው ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ስሜን ሙሉውን ፈረምኩ። ተማሪ ሲጽፍ እንደሚያይ አስተማሪ በትከሻዬ ላይ አነበቡት። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ ቀሚሳቸውን አስተካከሉ፣ አዲስ ካባ ከእህታቸው ተቀበሉና ፍሬሙ ላይ አነጠፉት።

ጨርቁን ለመወጠር አራት ማጥበቂያ አለ፤ እያንዳንዱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ማዞር ነው። የመጀመሪያውን ያዙ። እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ለቀቁትና በቀሚሳቸው ጠረጉት፣ እንደገና ያዙ። ማጥበቂያው ፍሬሙ ላይ ጠክ ጠክ ጠክ ሲል ክፍሉ ውስጥ ሁላችንም ሰማነው። ያን ረፋድ ሱቅ ውስጥ ያየሁት ቀጥ ያለ እጅ ይህ ነበር። በግራ እጃቸው አንጓውን ጥርቅም አድርገው ይዘው ለሦስተኛ ጊዜ ሞከሩ፤ ጨርቁ አምልጧቸው ወለሉ ላይ ወደቀ።

"ተይ፣ ቀስ በይ፣ ይለቅሻል" አለች ባለጥልፏ። "እጅሽ አይደለም ተባለ እኮ። አየሽው እኮ።"

"አየሁት" አሉ።

ኪሴ ውስጥ ስልኬ ይጮሃል። ዶክተሩ ነው፣ ነገርካት ወይ ሊለኝ ነው። አላነሳሁትም። ካባውን ከወለሉ አነሳሁ፤ ክር ተጣብቆበት ስለነበር እያራገፍኩ ለእትዬ ሰጠኋቸው። እሳቸው ግን ለእህታቸው አሳለፉት። ከወንበሩ ተነስተው ወደ በርጩማቸው ተመለሱ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ፣ መቀሷን በዳበሳ ፈለጉ።

"እስኪ ያንን ገመዱ ላይ ያለውን ካባ አቀብለኝ፣ ልጄ" አሉኝ። "ክሩን ልከርክመው።"